አሥራ አራት ክኒን

የሞኢ ወንዝ ሞልቶ፣ ክረምቱ ሲበረታ፣
ኖ ሙ ዳ ተሻገረች በውድቅት፣ በዝምታ፤
ከበርማ ዳርቻ፣ በተነፋ ጎማ፣
ልጇን አዝላ፣ ጥርሱ ሲንገጫገጭ እስከ ማዶ ሲሰማ።

ላ ሴ ዘጠኝ ዓመቱ፤ ወባው ቤቱን ያውቃል፣
በየወሩ ሄዶ በየወሩ ይመጣል።
ጠብታ ደሙን አየሁ፤ ይህ ጉበት ውስጥ የሚተኛ፣
ዘበኛ ሲያንቀላፋ የሚነሣ ቀማኛ።
ማርከሻው ፕሪማኪን። አሥራ አራት ፍሬ
በጣቴ ቆጠርኩላት፣ ነገርኳት በከንፈሬ፦
በቀን አንድ። ከሩዝ በኋላ። አንድም ቀን ሳይዘለል።
አደራ፣ አልኳት።

አደራ በላ አይደለችም።
አንድም ቀን አልዘለለችም።

በአራተኛው ንጋት ጠርሙስ ይዛ መጣች፣
ምንም ሳትናገር ወደ መስኮቱ አነሣች።
ብርሃኑ አላለፈም።
የልጇ ሽንት ነበር፣ ኮካ ኮላ የመሰለ፤
ልጁም ደጅ፣ የቀርከሃ አግዳሚ ላይ፣
ዓይኑ እርድ መስሎ፣ ትንፋሹ ቶሎ ቶሎ እያለ።

መድኃኒት ነው የሰጠሁት።
ይህ ቃል በሰው አፍ ሁለት ስለት አለው፤
አንዱ ታሞ ሲድን "መድኃኒት አገኘ" እንላለን፣
አንዱ በጤናው ሲሞት "መድኃኒት አበሉት" እንላለን።
የእኔስ የትኛው ነው?
ያን ሌሊት የቆጠሩትን ጣቶቼን ሳይ አደርኩ።

እያንዳንዱ ቀይ ሕዋስ ጋሻ ጃግሬ አለው፤
ኢንዛይም ይሉታል፣ ስሙ ረጅም ነው።
የላ ሴ ደም ግን ባዶ እጁን ዘምቶ ኖሯል፣
ክኒኔ ሲነካው እንደ ሸክላ ተሰባብሯል።
በምን ልወቅ? ወንድሙ ኤ ዶ አምና
ያንኑ አሥራ አራት ውጦ፣ ኳስ ሲራገጥ አይቼዋለሁና።
የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ሲባል
መልክና ጠባይ ይመስለኝ ነበር፤
እስከ ደም ድረስ መሆኑን ማን ነገረኝ?

ጄኔሬተሩ ሲያጓራ አደረ።
የደሙ ልክ አምስት፤ ሲነጋጋ አራት።
ኤ ዶ እጁን ዘረጋ፤ ትልቅ ሰው ነው፣ መርፌ ግን ይፈራል፣
ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ "ይበቃዋል?" ይላል፣
"ካልበቃው ይኼኛውም እጄ አለ።"
ከአንድ ሆድ የወጡ
በአንድ ከረጢት ደም ዳግም ተገናኙ።
በሦስተኛው ቀን ጠርሙሱ ውስጥ ትንሽ ብርሃን ገባ።

ኖ ሙ ዳ ጠየቀችኝ፦ "ከማን መጣበት?"
አባቱን ጠርጥራለች፣ ጫካ የቀረውን፣
በሕይወት ሳለ እንኳ ጥፋቱን አምኖ የማያውቀውን።
እኔ እያወቅሁ ዝም አልኩ።

ዝናቡ ሲያባራ መብራት ላኩልን፣ ሐምራዊ፣ በመዳፍ የሚያዝ።
መጋረጃ ጋርደን
ሦስት ጠብታ ደም ወረቀት ላይ አኖርን።
የኤ ዶ በራ፤ ሙሉ ጨረቃ።
የላ ሴ ጨለመ፤ ወረቀቱ የተበሳ መሰለ።
ሦስተኛው አልበራም፣ አልጨለመም፤
ሊነጋ ሲል እንዳለው ሰማይ ፈዞ ቆየ።
"ይኼኛውስ የማን ነው?" አለች።
መርፌው የነካውን ጣቷን
በሌላ እጇ ጨብጣ ይዛው ነበር።

ቀማኛው ግን አሁንም ጉበት ውስጥ ተኝቷል።
ስለዚህ በሳምንት አንዴ፣ እሑድ እሑድ፣ ስምንት እሑድ፣
ደሙን ለክቼ፣ አጠገቡ ተቀምጬ፣
"ዋጥ" አልኩት፤ ውኃውን የያዘው እጄ እየተንቀጠቀጠ።
እሷም ሰኞ ሰኞ ጠርሙሱን ለፀሐይ ታሳያለች።
በስምንተኛው ሰኞ፣ የጭድ ቀለም፣ ጥርት ያለ።

አላመሰገነችኝም፣ አልረገመችኝም።
ጠርሙሱን በአመድ ፈትጋ አጠበች፣
ከገበያ የዓሣ መረቅ ሞላችበት፣
ጎማዋን አስነፍታ
ማዶ ተሻገረች።